ከጓዝ በፊት ወረቀት

ይህ ጽሑፍ በቦሌ አራብሳ በአንድ እድር አዳራሽ ለአዲስ ገቢ ነዋሪዎች በቃል የቀረበ ንግግር ሲሆን፣ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ ማስተካከያ ተደርጎበታል።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ በቅድሚያ እንኳን ወደ ሰፈራችን በደህና መጣችሁ። የእድራችን ሰብሳቢ ይህንን ንግግር እንዳቀርብ ሲጠይቁኝ «ሕጉን ሁሉ አንብብላቸው» አላሉኝም፤ «እኛ ስንገባ ማንም ያልነገረንን ንገራቸው» ነው ያሉኝ። ስለዚህ ዛሬ የማቀርበው የአዋጅ ትምህርት አይደለም። ለብዙ ዓመታት በወረዳ ጽሕፈት ቤት የሰነድ ሥራ ላይ ቆይቼ፣ ከመስኮቱ ወዲህ ሆኜ ከመስኮቱ ወዲያ የቆመውን ሰው ሳስተናግድ የተገነዘብኩትን ነው።

የተገነዘብኩት ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ ወደ አዲስ አበባ ጠርዝ ከሚገባው ሰው መካከል ደንብ የሚጥሰው አብዛኛው፣ የሚጥሰው በእምቢተኝነት ሳይሆን በቅደም ተከተል ስሕተት ነው። ቀብድ ከከፈለ በኋላ የቤቱን ካርታ ይጠይቃል፤ ጓዙን ካወረደ በኋላ የኪራይ ውል ያፈላልጋል፤ ግድግዳውን ካፈረሰ በኋላ ፈቃድ ያስፈልግ እንደነበር ይሰማል። ሕጉ ግን በሁሉም ቦታ «አስቀድሞ» የሚል ቃል አለበት። አስቀድሞ ቢጠየቅ በአንድ ቀን የሚያልቅ ጉዳይ፣ ዘግይቶ ሲጠየቅ ቤት እስከማፍረስ ሊያደርስ ይችላል።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ቤቱ ስንት ነው?» ሳይሆን «ቤቱ በማን አስተዳደር ሥር ነው?» የሚለው መሆን አለበት። መሀል ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ ቤት የሚፈልግ ሰው ይህ ጥያቄ ላያስጨንቀው ይችላል፤ በከተማው ጠርዝ ግን ዋናው ጥያቄ ነው። አዲስ አበባ ዛሬ 11 ክፍለ ከተሞች ያሏት ሲሆን፣ እኛ ያለንበት ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ የተዋቀረው የመጨረሻው ነው። በዙሪያችን ደግሞ በ2015 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል ሥር የተመሠረተው የሸገር ከተማ አለ፤ ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎ ለገዳዲን፣ ገላንንና ሌሎችንም በአንድ አስተዳደር ያቀፈ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ወሰን ላይ ስምምነት መደረሱ የተገለጸው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በአንዱ ወረዳ ሲገለገሉ የነበሩ ሰዎች ፋይላቸውን ይዘው ወደ ሌላው የሄዱበት ሁኔታ ነበር።

ይህን የምለው ፖለቲካ ለማንሳት አይደለም። የመታወቂያችሁ፣ የኪራይ ውል ምዝገባችሁ፣ የግንባታ ፈቃዳችሁ፣ የቤት ግብራችሁና የልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ምዝገባ ሁሉ በዚህ መስመር ስለሚወሰን ነው። የታክሲ ረዳት የሚጠራው የሰፈር ስም የአስተዳደር ስም አይደለም። «ጣፎ፣ ጣፎ» እየተባለ በሚጫንበት መንገድ ላይ አንዱ ቤት በአዲስ አበባ፣ ከእሱ ማዶ ያለው ደግሞ በሸገር ሊሆን ይችላል። ደላላውም ቢሆን የሚመቸውን ስም ነው የሚጠራው። ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ወይም ባያችሁበት ቀን በአቅራቢያ ወዳለው ወረዳ ገብታችሁ «ይህ ቦታ የእናንተ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ክፍያ የለውም፤ እስካሁንም ይህን ጥያቄ ጠይቆ የተጸጸተ ሰው አላየሁም።

ቀጥሎ ያለው የቤትና የመሬት ግዢ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ፤ ብዙ ሰው የዕድሜ ልክ ጥሪቱን የሚያጣው እዚህ ላይ ነውና።

በጠርዝ ሰፈሮች ሁልጊዜ የሚዞር ወሬ አለ፦ «አንድ ገበሬ መሬት እየሸነሸነ ነው፣ 200 ካሬ በዚህን ያህል።» ዋጋው ከገበያው በታች ስለሚሆን ያጓጓል። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ገበያ ይመስለኛል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ሀብት መሆኑን፣ የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን በግልጽ ይደነግጋል። ስለዚህ ባዶ መሬት «ገዛሁ» የሚል ሰው ሕግ የሚያውቀው ግዢ አልፈጸመም። ሦስት ሽማግሌ ፈርሞበት፣ የጣት አሻራ ተደርጎበት፣ በሺህ የሚቆጠር ብር ተቆጥሮበት የተጻፈው የመንደር ውል በሽማግሌዎቹ ፊት ክቡር ሊሆን ይችላል፤ በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ፊት ግን ወረቀት ብቻ ነው። በዚያ ላይ በአንድ ሌሊት ቆርቆሮ ተመትቶ የሚቆመውን ቤት ሕዝባችን ራሱ «የጨረቃ ቤት» ብሎ የሰየመው ያለ ምክንያት አይደለም። የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ ያየናቸው ቤተሰቦች ብዙዎቹ የመንደር ውላቸውን በፕላስቲክ ጠቅልለው በጥንቃቄ ያስቀመጡ ነበሩ።

ቤት ከተሠራበት ይዞታ ጋር ሲገዛ ነገሩ ይለያል፤ ቤት የግል ንብረት ስለሆነ ይሸጣል። ነገር ግን የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው አካል ፊት መመዝገብ እንዳለበት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1723 ደንግጓል። የምዝገባው ቦታ የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ነው። ወደዚያ ከመሄዳችሁ በፊት ግን ሻጩ ያሳያችሁን የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ቅጂ ይዛችሁ ይዞታውን ወደሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ሂዱና ሁለት ነገር አረጋግጡ፦ ካርታው በመዝገቡ ውስጥ መኖሩን፣ እንዲሁም ከዕዳና እገዳ ነፃ መሆኑን። ባንክ ያስያዘው ቤት ወይም በወራሾች ክርክር በፍርድ ቤት የታገደ ቤት ከውጭ ሲታይ ከሌላው ቤት አይለይም። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማ የግድ ነው፤ «እሷ ትስማማለች» የሚል የቃል ማረጋገጫ ማንንም አያድንም።

ሰነድ አልባ ይዞታ የሚባል ሌላ ጉዳይ አለ። ሻጭ «ካርታ የለውም፣ ግን በ1997ቱ የአየር ካርታ ላይ ይታያል» ሲል ትሰማላችሁ። ይህ አባባል ከባዶ የመጣ አይደለም፤ አስተዳደሩ ሰነድ የሌላቸውን ነባር ይዞታዎች ሲያስተናግድ በተለያዩ ጊዜያት የተነሡ የአየር ፎቶግራፎችን መመርመሩ የታወቀ ነው። ግን «ይታያል» እና «ካርታ ተሰጥቶታል» የሰማይና የምድር ያህል የተራራቁ ናቸው። መታየቱን የሚወስነው ሻጩ ሳይሆን ጽሕፈት ቤቱ ነው፤ ውሳኔው እስኪመጣ የሚጠብቀውም ገንዘቡን የከፈለው ገዢ ነው። የኔ ምክር፣ ሻጩ ራሱ ካርታውን አውጥቶ ይሽጥላችሁ፤ ካርታው ቅርብ ነው ካለ እሱ ይጠብቅ።

በሕጋዊ መንገድ ለሚገዛም አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። በከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ) ላይ ያረፈ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ፣ አዲሱ ባለቤት ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ሥሪት፣ ማለትም ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ ነው። ሻጩ ለዓመታት የከፈለው አነስተኛ የቦታ ኪራይ እናንተ ላይ አይቀጥልም፤ ለመኖሪያ ቤት እስከ 99 ዓመት የሚዘልቅ የሊዝ ውል ትገባላችሁ፣ ክፍያውም ይከተላል። ይህን በገንዘብ ስሌታችሁ ውስጥ ሳታስገቡ «ቤቱን በዚህን ያህል ገዛሁት» አትበሉ።

ኮንዶሚኒየም ለምትገዙ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዕጣ የተገኘ የጋራ መኖሪያ ቤት ለ5 ዓመት መሸጥ የተከለከለ በመሆኑ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ «ሽያጭ» የሚፈጸመው ብዙ ጊዜ በውክልና ነው። ባለዕድሉ ለገዢው ሙሉ ውክልና ይሰጣል፣ ገንዘቡን ይቀበላል፣ ገዢው ገብቶ ይኖራል። ነገር ግን ውክልና በፈለጉ ጊዜ የሚሽሩት ነገር ነው፤ ውክልና ሰጪው ከዚህ ዓለም በሞት ሲለይም ውክልናው ይቋረጣል። ያኔ ገዢው ከወራሾች ጋር ይፋጠጣል፤ ወራሾቹም ስለ ገንዘቡ የሚያውቁት ነገር የለም። በጽሕፈት ቤት ሳለሁ እንዲህ ያለ ፋይል ይዘው የመጡ አንድ እናት ነበሩ፤ ቤቱን በውክልና ገዝተው ለአራት ዓመት ኖረውበት፣ ቀለሙን ቀብተው፣ ወለሉን ሴራሚክ አልብሰው ነበር። ባለዕድሉ በድንገት ሲሞቱ በእጃቸው የቀረው የሴራሚኩ ደረሰኝ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ኪራይ ልለፍ፤ ዛሬ እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ ተከራዮች እንደሆናችሁ አውቃለሁ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በዚህ ረገድ የነበረውን ልማድ በብዙ ለውጦታል። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ የውሉ ዘመን ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም፤ አከራዩ በቅድሚያ የሚቀበለው ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ዘዴ መፈጸም አለበት። የዋጋ ጭማሪም አከራዩ በፈለገው ወር የሚያመጣው ነገር አይደለም፤ ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ ሲሆን፣ መጠኑም በየዓመቱ ሰኔ 30 ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው መሠረት ነው።

በወረቀት ላይ ይህ ለተከራዩ ትልቅ መከታ ነው። በተግባር ግን «ውሉ ላይ ያነሰ ዋጋ እንጻፍና ልዩነቱን በእጅ ስጠኝ» የሚሉ አከራዮች አሉ፤ ምክንያቱም አከራዩ የኪራይ ገቢ ግብር ይከፍላል። ተከራዩም ቤት እንዳያመልጠው ሲል ይስማማል። አከራዮች በመካከላችን እንዳሉ አውቃለሁና አትቀየሙኝ፤ የግብሩን ሸክም አልክድም። ቢሆንም እንዲህ የተጻፈ ውል ሁለቱንም ያጋልጣል፤ አከራዩ የተደበቀውን ገንዘብ በፍርድ ቤት ሊጠይቅ አይችልም፣ ተከራዩም በእጁ የሰጠውን ማረጋገጥ አይችልም። ተከራይ ሆነህ ከምትይዛቸው ነገሮች ሁሉ ዋናው የተመዘገበው ውል ቅጂና የባንክ ደረሰኝ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ካሉህ በግንቦት ወር «ቤቴን ልጄ ሊገባበት ነውና ልቀቅ» ስትባል የምትናገረው ነገር ይኖርሃል።

ከቤቱ ቀጥሎ መታወቂያ ነው። ከክፍለ ሀገርም ሆነ ከከተማው ሌላ ወረዳ የሚመጣ ሰው ከነበረበት ቦታ መሸኛ ሳይዝ ከመጣ፣ ለአንዲት ወረቀት ተመልሶ መሄዱ አይቀርም። ተከራይ ከሆናችሁ በአከራዩ የቤት ቁጥር ላይ ለመመዝገብ የአከራዩ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ይህን ደግሞ አከራዩን ውል በምትፈርሙበት ቀን እንጂ ከሦስት ወር በኋላ አትጠይቁት። በተለይ በከተማው ጠርዝ አከራዮች «ነገ ቤቱ ሲፈርስ ተከራዩ ይካስ ይሆናል» በሚል ፍርሃት ለመፈረም ያመነታሉ፤ ይህ ፍርሃት መሠረት የለውም፤ የነዋሪነት ምዝገባ የባለቤትነት መብት አይሰጥም።

በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የዲጂታል መታወቂያ፣ በተለምዶ ፋይዳ የምንለው፣ ከነዋሪነት መታወቂያ የተለየ መሆኑንም ልብ በሉ። ፋይዳ ማን እንደሆናችሁ ይናገራል፤ የት እንደምትኖሩ የሚናገረው የነዋሪነት መታወቂያው ነው። በተጨማሪም በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልጅ ሲወለድ በ90 ቀን፣ ጋብቻ ሲፈጸም፣ ፍቺ ሲሆንና ሰው ሲሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። በሰፈር መቀያየር መካከል የተወለደ ልጅ ብዙ ጊዜ ሳይመዘገብ ይቀራል፤ ወላጆቹ የሚያስታውሱት ልጁ ሰባት ዓመት ሞልቶት ትምህርት ቤት የልደት ምስክር ወረቀት ሲጠየቅ ነው።

ቤት ከተያዘ በኋላ የሚመጣው ፈተና ማደስና ማስፋፋት ነው። የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ያስቀመጠው መሠረታዊ ሐሳብ ያለ ፈቃድ መገንባት ብቻ ሳይሆን ማሻሻል፣ ማፍረስና የሕንፃን አገልግሎት መቀየርም እንደማይቻል ነው። ሰው አዲስ ቤት ለመሥራት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ያውቃል፤ ነገር ግን ከቤቱ ጎን ሰርቪስ ክፍል ለመጨመር፣ አጥር ወደ ውጭ ገፋ አድርጎ ለማጠር፣ የመኪና ማቆሚያውን ወደ ሱቅ ለመለወጥ ፈቃድ ያስፈልጋል ብሎ አያስብም። በተለይ መኖሪያ ቤትን ወደ ንግድ ቤት መለወጥ ሦስት ጉዳዮችን በአንድ ጊዜ ያስነሳል፦ የግንባታ ፈቃዱን፣ የንግድ ፈቃዱንና የቦታውን አገልግሎት።

እኔ ራሴ በዚህ ተቀጥቻለሁ፤ የምነግራችሁ ከሌላ ሰው የሰማሁትን ብቻ አይደለም። ኮንዶሚኒየም እንደገባን፣ ልጆቹ ከፎቅ እንዳይወድቁ ብዬ በመተላለፊያው ላይ የብረት ፍርግርግ አስገጠምኩ፤ እግረ መንገዴንም ከደረጃው አጠገብ ያለውን ጥግ የራሴ ዕቃ ማስቀመጫ አደረግሁት። ብዙም አልቆየም፤ የብሎክ ኮሚቴው በጽሑፍ አነሣብኝ፣ እኔም ተናድጄ «ለልጆቼ ደኅንነት ነው» አልኩ። ኮሚቴው የጠየቀኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ «እሳት ቢነሣ ላይኛው ፎቅ ያሉት ሰዎች በየት ይወርዳሉ?» ፍርግርጉን በራሴ ወጪ አስነሣሁት። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ ሕንፃ ባለቤት የሚሆነው ሰው ከራሱ ቤት ጋር የጋራ የሆኑትን ክፍሎች በድርሻው ይይዛል እንጂ ብቻውን አይዛቸውም፤ ደረጃው፣ ጣሪያው፣ መተላለፊያው፣ ግቢው የሁሉም ነው። ለማንኛውም የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ስልክ 939 ነው፤ በርዎ ጀርባ ላይ ይጻፉት።

የግንባታ ዕቃን በተመለከተ አንድ አነስተኛ የሚመስል ግን ብዙ የሚያስቀጣ ጥፋት አለ። አሸዋና ጠጠር በቤቱ ደጅ በአስፋልት ላይ ማራገፍ፣ አስፋልቱ ላይ ሲሚንቶ ማቡካት፣ የፈረሰ ግድግዳ ፍርስራሽን ወደ ገደል ወይም ወደ ወንዝ መጣል። በየጠርዙ ያሉ ባዶ ቦታዎች የማንም የማይመስሉ ናቸው፤ ነገር ግን ባለቤት የሌለው መሬት የለም። ክረምት ሲገባ የጎርፍ መውረጃ ቱቦውን የሚደፍነው ያ ፍርስራሽ ነው፤ ጎርፉም የሚገባው ከታች ወዳለው ጎረቤታችሁ ቤት ነው። ጫኚው የጭነት መኪና ሹፌር «የት እንደምጥለው አውቃለሁ» ካለ ጠይቁት፤ ጥፋቱ የሱ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ድምፅን በሚመለከት በከተማ ጠርዝ ያለው አስተሳሰብ ከመሀል ከተማው ይብሳል፤ «እዚህ ሜዳ ላይ ማን ይሰማናል» ይባላል። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 ላይ በተመሠረተው መለኪያ መሠረት በመኖሪያ አካባቢ የሚፈቀደው የድምፅ መጠን በቀን 55 ዴሲቤል፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ሲሆን፣ ቀን የሚባለው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ነው። 55 ዴሲቤል ማለት በመጠነኛ ድምፅ የሚጨዋወቱ ሰዎች ከሚያሰሙት የማይርቅ ነው። ሞንታርቦ ከዚህ እጅግ ያልፋል፤ ይህ ለሠርግ ቤቱም፣ ለመጠጥ ቤቱም፣ ለአምልኮ ቦታውም እኩል የሚሠራ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉም በቁጥር 1225 ባለቤት የሆነ ሰው በጢስ፣ በጥላሸት፣ በመጥፎ ሽታ፣ በጩኸትና በንዝረት ከመልካም ጉርብትና ወሰን አልፎ ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። በአራተኛ ፎቅ ላይ በሙቀጫ በርበሬ መውቀጥ በዚህ ቁጥር ውስጥ ይገባል ወይ ብለው አንድ ጎረቤቴ ጠይቀውኝ ነበር፤ ሕግ ሳላጣቅስ ወደ ኮሚናሉ፣ ማለትም ወደ ግቢው የጋራ መገልገያ ቤት፣ እንዲወርዱ ለመንኳቸው፤ እሳቸውም ወረዱ።

ኮሚናሉን ካነሣሁ ዘንድ፣ ለበዓል እርድ የተዘጋጀው ቦታም እሱ ነው። በመተላለፊያ ላይ በግ ማረድ፣ በረንዳ ላይ ለሁለት ሳምንት በግ ማሰር፣ ሆድ ዕቃውን በፍሳሽ ቱቦ መልቀቅ አይፈቀድም። ቅርጫ የምትካፈሉ ሰዎች ቦታውን አስቀድማችሁ አስይዙ፤ በፋሲካ ማለዳ ተሰልፎ መጣላት በየዓመቱ የምናየው ነው። ቆዳውን በዕለቱ ለሚሰበስቡት አስረክቡ፤ በጎረቤት አጥር ላይ ሲበሰብስ መተው ሁለቴ ጥፋት ነው፤ ያሸታል፣ ገንዘብም ይባክናል።

ቆሻሻን በሚመለከት ብዙ አልቆይም። ቤት ለቤት የሚሰበስቡት ማኅበራት የሚመጡበትን ቀን ከጎረቤት ጠይቁ፤ በሌላ ቀን ከደጅ ማውጣት ያስቀጣል። ፌስታል በ2017 ዓ.ም. በወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ የተከለከለ ስለሆነ ዘንቢላችሁን ከክፍለ ሀገር ከመጣው ዕቃችሁ ውስጥ አትጣሉት። በረጲ፣ ቆሼ በምንለው ቦታ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻ ክምሩ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ከሥሩ ቤት ሠርተው የነበሩ ቤተሰቦች ከነልጆቻቸው ተቀብረዋል። ቦታ ስትመርጡ ከቆሻሻ መጣያ፣ ከወንዝ ዳርና ከከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ሥር ያለውን ርካሽ ቦታ ለምን ርካሽ እንደሆነ ጠይቁ።

ሞተር ሳይክል ያላችሁ ወጣቶችም፣ ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአዲስ አበባ ያለ ፈቃድ ሞተር መንዳት የተከለከለ መሆኑን አስታውሱ። በሸገር በኩል ያለ ችግር ስትነዱት የነበረው ሞተር የአዲስ አበባን ወሰን ሲሻገር ሊያዝ ይችላል፤ ቅድም ያልኩት መስመር እዚህም አለ።

አሁን ደግሞ ደንብ አስከባሪዎች ሲመጡ ምን ይደረግ ለሚለው። ሕዝቡ በአጭሩ «ደንቦች መጡ» ይላል፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ዕቃው ይሰበሰባል፣ ልጁ ይሮጣል። እኔ ግን ሩጫው የጥፋተኛ ምልክት ስለሚሆን አልመክርም። ሠራተኛው መታወቂያውን እንዲያሳይ በትሕትና ጠይቁ፤ ጥፋቱ ምን እንደሆነና የተጣሰው ደንብ የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ይስጣችሁ፤ ማስጠንቀቂያ ከሆነ ቀኑን መዝግቡ፤ ቅጣት ከሆነ ክፍያውን በደረሰኝ እንጂ በእጅ አትክፈሉ። በእጅ የተከፈለ ቅጣት በመዝገብ ላይ ስለሌለ በሳምንቱ ሌላ ሠራተኛ መጥቶ ሊቀጣችሁ ይችላል፤ ከዚያም በላይ ሰጪውም ተቀባዩም ሌላ ወንጀል ይፈጽማሉ። ውሳኔው ትክክል አይደለም ብላችሁ ካመናችሁ ቅሬታችሁን ወደ ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ አቅርቡ፤ ቅጂው ላይ የተቀባዩን ፊርማና ቀን አስጽፉ። የቃል አቤቱታ በቃል ይጠፋል።

በዚህ አጋጣሚ አስተዳደሩንም ልወቅስ። የቅጣቶቹ መጠን ባለፉት ጥቂት ዓመታት በጣም አድጓል፤ ማሳወቂያው ግን አላደገም። አንድ ደንብ ሲወጣ በወረዳው ሰሌዳ ላይ በደቃቅ ፊደል ተለጥፎ ዝናብ ያጥበዋል፤ ቅጣቱ ግን ቤት ድረስ ይመጣል። በወረዳ በነበርኩበት ጊዜ ለአዲስ ገቢ ነዋሪ የሚሰጥ ባለ ሁለት ገጽ ማስታወሻ እንዲዘጋጅ ሐሳብ አቅርቤ ነበር፤ በጀት የለም ተባልኩ። ሁለት ገጽ ወረቀት ከአንድ የፈረሰ ቤት ስለሚረክስ፣ ሐሳቡን ዛሬም አልተውኩትም፤ እድራችንም ሊያሳትመው ይችላል።

እድራችንን በተመለከተ፣ ይህ ደግሞ ያልታወጀው ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚሠራው የሰፈር ሕግ ነው። የራሱ መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ መመዝገቢያ ክፍያ፣ ወርኃዊ መዋጮ፣ ለቀብር የመገኘት ግዴታ፣ ባለመገኘት የሚከፈል ቅጣት። አዲስ የገባ ቤተሰብ ወዲያው ከተመዘገበ ጎረቤት ያውቀዋል፤ ጎረቤት ያወቀው ሰው ደግሞ የትኛው ቱቦ የማን እንደሆነ፣ የትኛው ቤት በክርክር ላይ እንዳለ፣ ቆሻሻ የሚነሣው በየትኛው ቀን እንደሆነ በአንድ ቡና ይሰማል። በወረዳ መስኮት ላይ ሳምንት ሙሉ ተሰልፎ የማይገኝ መረጃ ነው።

ካርታችሁን ወይም የኪራይ ውላችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ሰዎች፣ ከዚህ ስብሰባ በኋላ በጎን ባለው ጠረጴዛ አንድ በአንድ አያችኋለሁ፤ ዋናውን ሳይሆን ቅጂውን ነው የምፈልገው። የእድሩ መመዝገቢያ ደብተር ደግሞ በሩ አጠገብ ከተቀመጡት ከገንዘብ ያዣችን ዘንድ ነው፤ የሁለት ወር መዋጮ ይዛችሁ ብትመጡ ዛሬውኑ ይመዘግቧችኋል።